ከወንበሩ ቀድሞ የተነሣው ሚኒስትር

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። የማወጋችሁ ነገር የሆነው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ከተማ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማርች 2 ቀን 1876 ነው፤ ሐሙስ ጠዋት። ፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት ቁርሱን በልቶ ምስሉን ወደሚሥልለት ሠዓሊ ሊሄድ ሲሰናዳ የገንዘብ ሚኒስትሩ ብሪስቶ ከተፍ አለ። የጦር ሚኒስትሩ ሊከሰስ መሆኑን፣ ነገሩም የጉቦ መሆኑን ነገረው። ግራንት የሰማውን በቅጡ ሳያጣራ የጦር ሚኒስትሩ ራሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል ተባለ።

ዊልያም ቤልክናፕ ይባላል። ጢሙ ደረቱ ላይ የተዘናፈለ፣ ባለ ግርማ ሞገስ ሰው ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ አትላንታ አጠገብ፣ አንድ የጠላት ኮሎኔል በኮቱ ኮሌታ ጨምድዶ በምሽጉ ላይ ጎትቶ የማረከ ጀግና ነው። ያን ጠዋት ግን እንባ እየተናነቀው፣ ቃሉ እየተደነባበረበት፣ አሁኑኑ አሰናብተኝ ይላል። ምክንያቱን በወጉ አላስረዳም። ግራንትም የድሮ ወታደሩን ማስጨነቅ አልወደደም፤ የተረቀቀለትን ደብዳቤ ትቶ ስንብቱን በታላቅ ሐዘን መቀበሉን በገዛ እጁ ጻፈለት። ሰዓቷ ሳትቀር ተመዝግባለች፤ እንደኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።

ሰዓቷን ያዙልኝ። ኋላ ሴኔት ውስጥ ስንት ያጨቃጨቀችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ባለሥልጣን ሲያጠፋ የተወካዮች ምክር ቤት ይከሰዋል፣ ሴኔቱ ችሎት ሆኖ ይዳኘዋል። ለመክሰስ ተራ የድምፅ ብልጫ ይበቃል፤ ጥፋተኛ ለማለት ግን ከተገኙት ሴናተሮች ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለበት። ኢምፒችመንት የሚሉት ይህንን ነው። ቅጣቱ ሁለት ብቻ ነው፤ ከሥልጣን መሻር፣ ሲፈልጉ ደግሞ ዳግም ሹመት እንዳያገኝ ማገድ። ወህኒ የለ፣ መቀጮ የለ፤ እሱ የመደበኛው ፍርድ ቤት ፈንታ ነው። ቤልክናፕም ሒሳቡን ሠርቷል። መሻር ለተሾመ ነው፤ ሹመቱን አስቀድሜ ከጣልኩት ምኔን ይሽሩታል?

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ሰውዬው የሚቆጭበት ነገር የለውም። እንዴት እንደበላ ላጫውታችሁ፤ አበላሉ ከክሱ ይልቅ ይጥማል።

ቤልክናፕ በ1869 ከአዮዋ ተጠርቶ የጦር ሚኒስትር ሆነ። ደመወዙ በዓመት 8,000 ዶላር ነው። ለዘመኑ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ግን የዋሽንግተን የሹም ኑሮ ግብዣ ነው፣ ልብስ ነው፣ ሠረገላ ነው። በ1870 ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ፤ በየጠረፉ ጦር ሰፈር ለወታደሩ ዕቃ የሚሸጠውን ነጋዴ የሚሾመው የጦር ሚኒስትሩ ይሁን አለ። ከዚያ ነጋዴ ሌላ በአቅራቢያው ሱቅ የለም። ወታደሩ ትንባሆም ሆነ ሳሙና ቢያምረው መግቢያው አንድ በር ነው።

በዚያው ዓመት በጋ የሚኒስትሩ ሚስት ካሪታ ኒውዮርክ፣ ኬሌብ ማርሽ ከሚባል ወዳጃቸው ቤት እንግድነት ሄዳ ታመመች። ማርሽና ሚስቱ ሦስት አራት ሳምንት አስታመሟት። ውለታው ከበዳትና አንድ ቀን በጨዋታ መሐል ማርሽን፣ ለምን ከጦር ሰፈር ንግዶች አንዱን አትጠይቅም፣ ለባሌ እኔ እነግርልሃለሁ አለችው። ማርሽ ስለዚህ ንግድ አንዳች አያውቅም፤ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፣ ብዙ ገንዘብ የሚገኝበት ነው ተባለ። አመለከተ። የደረሰው ፎርት ሲል ነው፤ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው፣ ያኔ የኢንዲያኖች ግዛት በነበረው ምድር።

ችግሩ ፎርት ሲል ነጋዴ አለው። ጆን ኤቫንስ ይባላል፤ ዕቃውን አስገብቶ፣ ሱቁን አደላድሎ ተቀምጧል። ሚኒስትሩ ማርሽን፣ ኤቫንስ እዚሁ ከተማ ነውና አነጋግረው አለው። ሁለቱ ተነጋገሩ፤ ተዋዋሉ፤ ያውም በጽሑፍ። ኤቫንስ ሱቁን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ለማርሽ በዓመት 12,000 ዶላር፣ በየሦስት ወሩ አስቀድሞ ይከፍላል። ማርሽ ሚዛን ሳይይዝ፣ አንድ ሣጥን ሳይጭን ባለገቢ ሆነ። የመጀመሪያው 3,000 ዶላር እጁ እንደገባ ግማሹን፣ 1,500ውን፣ ለካሪታ ላከላት።

ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ ብትሉ፣ ከኤቫንስ እንዳይመስላችሁ። ያን ጊዜ ፎርት ሲል ላይ የነበረው አሥረኛው ፈረሰኛ ነው፤ ወታደሮቹ ጥቁሮች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከባርነት ከወጡ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ተራው ወታደር በወር 13 ዶላር ያገኛል። ኤቫንስ ለማርሽ የሚከፍለውን በዕቃው ዋጋ ላይ ጫነው። ወታደሩ ትንባሆ በገዛ ቁጥር ዋሽንግተን ላሉት እመቤት ያዋጣል ማለት ነው፤ ማን እንደሆኑም አያውቅ። የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ግሪርሰን ስለ ዋጋው አቤት ብሎ ጻፈ። በ1872 ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቤልክናፕም ነጋዴዎች ሱቃቸውን ራሳቸው ያስተዳድሩ የሚል መመሪያ አወጣና ወሬው በረደ። መመሪያው ሌላውን ሁሉ ሲነካ የማርሽን ውል አልነካም።

ካሪታ በዲሴምበር 1870 ከወሊድ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሞታለች። ማርሽ ለቀብር መጣ። ከሟች እህት ከአማንዳ ጋር ሕፃኑ ወዳለበት ክፍል ወጡ። ኋላ በመሐላ እንደመሰከረው፣ ይህ ሕፃን ገንዘብ ይመጣለታል አላት። እሷም እናቱ አደራዋን ለእኔ ጥላለች፣ ካንተ የሚመጣውንም ተቀብዬ እንዳስቀምጥለት ነግራኛለች አለችው። በለቅሶ ቤት የኮሚሽን ወሬ! በልብ ወለድ ብታነቡት ደራሲው አበዛው ትሉ ነበር። ሕፃኑም በተራው በ1871 ሞተ፤ ክፍያው ግን አልሞተም። ማርሽ መላኩን ቀጠለ፤ ተቀባዩ አሁን ሚኒስትሩ ራሱ ነው። አንዳንዴ ጥሬ ገንዘቡ በጭነት አመላላሽ ድርጅት ይላካል፣ አንዳንዴ የባንክ ሰነድ ነው፣ አንዳንዴም ሚኒስትሩ ኒውዮርክ ሲመጣ እጅ በእጅ። በ1873 መጨረሻ ቤልክናፕ አማንዳን አገባ። ሁሉም ሲደመር ወደ ቤቱ የገባው 20,000 ዶላር ገደማ ነው።

በ1874ቱ ምርጫ ዴሞክራቶች የተወካዮችን ምክር ቤት ከሪፐብሊካኖች ነጠቁ፤ የግራንትን መንግሥት ሣጥን መበርበርም ጀመሩ። የጦር ሚኒስቴርን ወጪ የሚመረምረውን ኮሚቴ የሚመራው የፔንሲልቫኒያው ሄይስተር ክላይመር ነው። የታሪክ ቀልድ አያልቅም፤ ክላይመርና ቤልክናፕ ፕሪንስተን ሲማሩ አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ማርሽ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ኮሚቴው ፊት ቀረበና ከእመቤቲቱ ሕመም ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክፍያ ያለውን ዘረገፈው። ቤልክናፕ ወደ ግራንት የሮጠው በሁለተኛው ቀን ነው።

ክላይመር የስንብቱን ዜና ሰምቶ አልተመለሰም። በዚያው ዕለት ሪፖርቱን ይዞ ምክር ቤት ገባ፤ የዱሮ ጓደኛውን ጉድ ስሜቱ እየተናነቀው አነበበ። ምክር ቤቱም ሰውዬው ሥልጣን መልቀቁን እያወቀ፣ በውሳኔው ላይም እየጻፈ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ ከሰሰው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ቤልክናፕ በተሰናበተ በአምስተኛው ቀን ጉራ ላይ የአጼ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፅ ጦር ጋር ተያያዘ። የግብፁ አዛዥ የራቲብ ፓሻ ኢታማዦር ሹም አሜሪካዊ ነው፤ አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣው፣ ኋላም ቤልክናፕ በሰሜን ሲዋጋ በደቡብ የተሰለፈው ጀነራል ሎሪንግ። የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖችን በዓለም በትኖ ነበር፤ አንዱ ሚኒስትር ሆኖ ጉቦ ይበላል፣ አንዱ ኤርትራ ደጋ ላይ ይሸነፋል። በሉ ወደ ዋሽንግተን እንመለስ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ የቤልክናፕ ወዳጆች፤ በእንግሊዝኛ ማለቴ ነው፣ በጠበቃ ቋንቋ። ግን የሄደን ሹም መክሰስ ክላይመር የፈጠረው ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች በ1787 ፊላደልፊያ ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ እንግሊዝ አገር የጋዜጣው ሁሉ ወሬ ዋረን ሄስቲንግስ ነበር። ሄስቲንግስ የቤንጋል ገዢ ነበረ፤ በ1785 ሥልጣኑን ለቆ አገሩ ገብቷል፤ ፓርላማው የከሰሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ፊላደልፊያ ላይ ስለ ኢምፒችመንት ሲናገር የጠራው ይህንኑ ስም ነው። አንድም ሰው ተነሥቶ፣ ሰውዬው እኮ ሥልጣን ላይ የለም፣ ምን ይጠራል አላለም። በነገራችን ላይ ሄስቲንግስ በ1795 ነፃ ወጣ፤ ችሎቱ ሰባት ዓመት ፈጅቶ ተከሳሹን አስረጅቶ።

ቨርጂኒያ ደግሞ በራሷ የ1776 ሕገ መንግሥት ገዢዋ በኢምፒችመንት የሚከሰሰው ከሥልጣን ሲወጣ ነው ብላ ጽፋለች። ሲወጣ! ሥልጣን ላይ እያለ አይነካም፣ ሲወርድ ይጠየቃል ማለት ነው። ደላዌርም እንዲሁ። ቶማስ ጄፈርሰን በ1781 የቨርጂኒያ ገዢነቱን እንደጨረሰ ምክር ቤቱ በእንግሊዝ ወረራ ጊዜ ያደረገው ሁሉ ይጣራ ብሎ ወስኖበታል፤ መጨረሻው ምስጋና ሆነለት እንጂ።

የቴነሲው ሴናተር ዊልያም ብላውንትም አለ። በ1797 የስፔንን ግዛት ለእንግሊዝ ለማስያዝ ሲዶልት የጻፈው ደብዳቤ ተያዘበት። ምክር ቤቱ ከሰሰው፤ ሴኔቱ በማግሥቱ ከአባልነት አባረረው፤ በ1799 መጀመሪያ ደግሞ ልንዳኘው ሥልጣን የለንም ብሎ ክሱን ዘጋ። ግን ለምን? ከሥልጣን ስለወጣ ነው ወይስ ሴናተር መጀመሪያውኑ በኢምፒችመንት የሚከሰስ ሹም ስላልሆነ? ጥርት አድርገው አልጻፉትም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመጣ ጠበቃ ሁሉ ብላውንትን ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ሽማግሌው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነው። ፕሬዚዳንት ነበረ፤ ከወረደ በኋላ ተመልሶ የምክር ቤት አባል ሆነ። በ1846 ስለ ሌላ ሰው ክስ ሲከራከሩ ተነሥቶ፣ በሥልጣን ዘመኔ ለሠራሁት ሁሉ እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ይህ ምክር ቤት ሊከሰኝ ይችላል አለ። የገዛ አንገቱን ነው ያስያዘው።

ክሱ አምስት አንቀጽ ሆኖ በኤፕሪል ሴኔት ገባ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዊልሰን በቀደመው ኖቬምበር ስለሞተ ወንበሩን የያዘው የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ቶማስ ፌሪ ነው። ቤልክናፕ ሦስት ስመ ጥር ጠበቆች ይዞ ቀረበ፤ ጄረማያ ብላክ የቀድሞ ዋና ዐቃቤ ሕግ፣ ሞንትጎመሪ ብሌየር የሊንከን የፖስታ ሚኒስትር፣ ማቲው ካርፔንተር እስከ አምናው እዚያው ሴኔት ውስጥ የተቀመጠ። ስለ ገንዘቡ አፋቸውን አልከፈቱም። የኛ ጠበቆች የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚሉትን አስቀደሙ። ይህ ሰው ሚኒስትር አይደለም፣ እንደ ማንኛውም የአገሪቱ ዜጋ ግለሰብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በኢምፒችመንት የሚሻሩት ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትሉና ሹማምንቱ ናቸው ይላል፤ ግለሰብን ሴኔት ፊት ማቆም ከጀመራችሁ ማቆሚያው የት ነው? ወንጀል አለ ካላችሁ ፍርድ ቤቱ ያውላችሁ አሉ።

ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ነው፤ አላቃልለውም። ቀደም ብሎ የኖረው ታላቅ የሕግ ሊቅ ጆሴፍ ስቶሪም በመጽሐፉ ወደዚሁ ያደላ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት ሥልጣን የለቀቀን ሽማግሌ፣ አዲሱ ምክር ቤት ቂም ስላለበት ብቻ ከእርሻው እየጠራ ቢያንገላታውስ?

ከሳሾቹ የመለሱት ግን ይበልጥ ያሳምነኛል። ቅጣቱ ሁለት ነው አሉ፤ መሻር ብቻ ሳይሆን እገዳም አለ። እገዳው የተጻፈው ነገ ለሚመጣው ሹመት ነው፤ ሰውዬው ዛሬ ወንበር ላይ መቀመጡና አለመቀመጡ ከነገው ጋር ምን አገናኘው? ጥፋቱን የሠራው ሚኒስትር ሆኖ ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ከችሎት የሚያመልጥ ከሆነ፣ የዳኝነቱ ሥልጣን ያለው ሴኔቱ ጋ ሳይሆን ተከሳሹ ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው። የተያዘ ሁሉ ይለቅቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይሾማል።

ያቺን ሰዓት ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ከሳሾቹ ሕግ ቀንን አይቆራርጥም የሚል የቆየ መርሕ መዘዙ። ማርች 2 አንድ ቀን ነው፤ ሰውዬው ጠዋት ሚኒስትር ስለነበረ ማታም በሕግ ዓይን ያው ነው፤ ምክር ቤቱ የከሰሰው በዚያው ቀን ስለሆነ ሚኒስትር እያለ እንደተከሰሰ ይቆጠራል አሉ። ጠበቆቹ ደግሞ አራት ሰዓት ከሃያ አራት ሰዓት ከሃያ ነው አሉ። የታላቅ አገር ሴኔት እንዲህ በደቂቃ ሲካሰስ ማየት ያስቃል፤ ግን ሁለቱም ወገን ከልቡ ነበር።

ሜይ 29 ቀን ድምፅ ተሰጠ። 37 ሴናተሮች ስንብቱ ከችሎት አያስመልጠውም፣ እንዳኘዋለን አሉ፤ 29 አይሆንም አሉ። መቃወሚያው ወደቀ። ጠበቆቹ ግን ብልጦች ናቸው፤ 37 እኮ ሁለት ሦስተኛ አይደለም፣ ስለዚህ የዳኝነት ሥልጣን አላችሁ አልተባለም፣ እኛም መልስ አንሰጥም አሉ። ሴኔቱ ክዶ እንደተከራከረ ይቆጠር ብሎ ወደ ምስክር አለፈ። ያቺ የጠበቃ ብልጠት ግን አዳራሹ ውስጥ ቀረች፤ በኦገስቱ ሙቀት ትበቅላለች።

ከምስክሮቹ አንዱን ልንገራችሁ። የሰባተኛው ፈረሰኛ አዛዥ ጆርጅ ከስተር፣ ገና ምርመራው በምክር ቤቱ ሳለ፣ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ቀርቦ ስለ ጦር ሰፈር ነጋዴዎች ተናግሯል። ብዙው ከሰው የሰማው ነበር። የግራንትን ወንድም ስም ሳይቀር አነሣ። ግራንት ተቆጥቶ ከዘመቻው አዛዥነት አነሣው፤ አማላጅ በዝቶ ክፍለ ጦሩን ብቻ ይዞ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ጁን 25 ቀን ሊትል ቢግ ሆርን ወንዝ ላይ ሱ እና ቼየን የተባሉት የኢንዲያን ነገዶች ተዋጊዎች ከነወታደሮቹ ጨረሱት። የሞቱ ዜና ዋሽንግተን ሲደርስ ሴኔቱ የቤልክናፕን ምስክሮች ይሰማ ነበር።

ማስረጃው ብዙ አከራካሪ አልነበረም። ማርሽ ከፍሏል፣ ሚኒስትሩ ተቀብሏል። ጠበቆቹ ሁሉን ያደረጉት ሚስቶቹ ናቸው፣ እሱ ከየት እንደመጣ አያውቅም እስከማለት ደረሱ። ኦገስት 1 ቀን በየአንቀጹ ድምፅ ተሰጠ። በመጀመሪያው አንቀጽ 35 ጥፋተኛ፣ 25 አይደለም፤ በአምስተኛው፣ ከሁሉ በበዛው፣ 37 ለ25። ሁለት ሦስተኛ አልሞላም፤ በ62 ድምፅ 42 ያስፈልግ ነበር። ቤልክናፕ ነፃ ወጣ።

አይደለም ያሉት ሰዎች ምን ብለው ነው? አብዛኞቹ ስለ ጉቦው አንዳች ሳይክዱ፣ ሰውዬው ሥልጣን ላይ ስለሌለ ልዳኘው አልችልም ብለው መዝገብ ላይ አስፍረዋል። በሜይ 29 በድምፅ የተሸነፉበትን ክርክር በኦገስት 1 በጓሮ በር አስገቡት። ለመቃወሚያው ብልጫ ይበቃል ተብሎ ወድቆ ነበር፤ ጥፋተኝነቱ ላይ ግን አንድ ሦስተኛ ከያዙ ያው የወደቀው መቃወሚያ ያሸንፋል። ለሴናተሮቹ የሚሟገት፣ ሥልጣን የለኝም ብሎ የሚያምን ዳኛ እንዴት ሕሊናውን ረግጦ ይፍረድ ይላል። እኔ ግን ችሎቱ አንዴ ሥልጣን አለኝ ካለ፣ የተሸነፈው ዳኛ የቀረበለትን ማስረጃ መመዘን ነው የሚጠበቅበት እላለሁ። አለዚያ ያ ሁሉ የሜይ ክርክር ለምን ተደረገ?

ቤልክናፕ ዋሽንግተን ላይ በመደበኛው ፍርድ ቤትም ተከሶ ነበር፤ በ1877 መጀመሪያ ክሱ ተነሣ። ፍርድ ቤቱ ያውላችሁ የተባለው ፍርድ ቤት ይህ ነው። ሰውዬው ጥብቅና ሲሠራ ኖሮ በ1890 ሞተ፤ አርሊንግተን፣ ከጀግኖቹ መሐል ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ብልሃቱን ወረሱ። ሪቻርድ ኒክሰን በ1974 ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ለቀቀ፤ ምክር ቤቱም ተወው። ዳኞችም በዚሁ መንገድ ሲለቁ ክሱ ተዘጋላቸው። መክሰስ አይቻልም ተብሎ አይደለም፤ ከሄደ ምን አደከመን ተብሎ ነው። ጥያቄው መቶ ዓመት አልፎ አርባ አምስት ዓመት አቧራ ጠጣ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችሁታል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሕዝብ ካፒቶልን ጥሶ ገባ። በሳምንቱ የተወካዮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕን ዓመፅ አነሣሥተዋል ብሎ 232 ለ197 ከሰሳቸው። እንደ ቤልክናፕ አይደለም፤ ሲከሰሱ ሥልጣን ላይ ናቸው፣ ግን የቀራቸው አንድ ሳምንት ነው። ሴኔቱ እረፍት ላይ ነበር። የብልጫው መሪ ሚች ማኮኔል ከጃንዋሪ 19 በፊት አልጠራም አሉ። ጃንዋሪ 20 ዘመኑ አለቀ። ችሎቱ ሲከፈት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ዋና ዳኛው ሮበርትስ አይደሉም፤ እሳቸው የሚመሩት ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ሲዳኝ ነው። የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ፓትሪክ ሌይሂ ተቀመጡ፤ ልክ በፌሪ ቦታ።

ሁለቱም ወገን ቤልክናፕን ከመቃብር ጠራው። ከሳሾቹ 37 ለ29ኙን አነሡ፤ ተከላካዮቹ ነፃ መውጣቱን። ከሳሾቹን የመሩት ጄሚ ራስኪን፣ የሄደ አይነካም ካላችሁ ፕሬዚዳንት ሁሉ የመጨረሻውን ጃንዋሪ እንዳሻው ያደርግበታል አሉ። ከተከላካዮቹ አንዱ ብሩስ ካስተር፣ ወንጀል አለ ካላችሁ አሁን ግለሰብ ናቸውና ማሰር ነው አሉ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን ሴኔቱ በ56 ለ44 ድምፅ መዳኘት እንችላለን አለ። ከአራት ቀን በኋላ 57 ጥፋተኛ ናቸው አሉ፣ ሰባቱ ከትራምፕ ከራሳቸው ፓርቲ፤ 43 አይደሉም። የሚያስፈልገው 67 ነበር። እንደ 1876ቱ ነው፤ ብልጫው እንዳኛለን ይላል፣ አንድ ሦስተኛው በሩን ይዘጋል።

ማኮኔል አይደሉም ብለው ድምፅ ከሰጡ በኋላ ተነሥተው፣ ለተፈጸመው ነገር በተግባርም በሞራልም ተጠያቂው ትራምፕ ናቸው፣ ግን ከሥልጣን ስለወጡ ሴኔቱ ሊቀጣቸው አይችልም፣ ፍርድ ቤቶች አሉ አሉ። ችሎቱ ትራምፕ ከሥልጣን ከመውጣታቸው በፊት እንዳይከፈት ያደረጉት ማኮኔል ራሳቸው ናቸው፤ ይህን የሚያነሣባቸው አልጠፋም። የተቀረው የእገዳ ድምፅ ነበር፤ ተራ ብልጫ የሚበቃው እሱ ነው፣ ግን ጥፋተኝነት ሳይቀድም አይቀርብምና ሳይነሣ ቀረ።

ለመሆኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለምን አይገላግላቸውም? በ1993 ዋልተር ኒክሰን የሚባል የተሻረ ዳኛ ጉዳዩን ወስዶለት፣ የኢምፒችመንት ችሎት የሴኔቱ ብቻ ነው፣ እኛ አንገባም ብሏል። ስለዚህ የሄደ ሹም ይከሰሳል ወይ የሚለው ነገር ይግባኝ የለውም፤ የሚወስኑት በዚያ ቀን የተቀመጡት መቶ ሰዎች ናቸው።

ማኮኔልና ካስተር ያመለከቱት ፍርድ ቤትስ? በኦገስት 2023 የፌደራል ክስ ቀረበ። አሁን ደግሞ የትራምፕ ጠበቆች፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በወንጀል የሚከሰሰው መጀመሪያ በኢምፒችመንት ጥፋተኛ ሲባል ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2024 ይህን አልተቀበለም፤ በሥራ ላይ ለተፈጸመ ተግባር ግን ሰፊ ከለላ ሰጠ። በኖቬምበር ትራምፕ ተመረጡ። ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አይከሰስም የሚለው የፍትሕ ሚኒስቴሩ ደንብ ስለነበረ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ክሱ ይነሣ ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛዋም ኖቬምበር 25 ቀን መዝገቡን ዘጉት።